ልጅ ሣር አይግጥም



በሚመጣው ሳምንት እሑድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ነዋሪዎች ጠቅላላ ስብሰባ አለ። አጀንዳዎቹ ሦስት ናቸው፦ የውሃ ፓምፑ ጥገና፣ የጥበቃዎች ደመወዝ ጭማሪና የልጆች መጫወቻው። ስለ ፓምፑና ስለ ደመወዙ ብዙ ክርክር አንጠብቅም። ሦስተኛው ግን ከአሁኑ ደረጃ ለደረጃ፣ በር ለበር እያከራከረ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከግቢው ውጭ የሚኖሩ ልጆች በመጫወቻችን ይጠቀሙ ወይስ አይጠቀሙ?

እኛ በአዲስ አበባ በአንድ ኮንዶሚኒየም የምንኖር፣ ረቡዕ ማታ በየቤቱ እየተዘዋወርን ቃሉን የምናጠና ጥቂት ቤተሰቦች ነን። አብዛኞቻችን የመንዝ ሰዎች፣ የሞላሌና የዙሪያዋ ልጆች ነን። ከመካከላችን ዕጣ ወጥቶለት የገባ አለ፤ ተከራይቶ የሚኖረው ግን ይበዛል። በዚህ ጉዳይ ላይ ለሦስት ሳምንት ስንነጋገርና ስንጸልይ ቆይተን ወደ አንድ ሐሳብ መጥተናል። ሐሳባችንን ከማቅረባችን በፊት ግን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። ባለፈው ዓመት “በሩ ይቆለፍ” ሲባል እጃቸውን ካወጡት መካከል እኛም ነበርን። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ከሳሽ ብንሆን የመጀመሪያዎቹ ተከሳሾች እኛው ነን።

በሩ እንዴት ተቆለፈ?

መጫወቻው ትልቅ ነገር አይደለም። በሁለት ብሎኮች መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነው። አንድ ሸርተቴ፣ ሁለት ዥዋዥዌና ኳስ የሚንከባለልበት ጠባብ ሜዳ አለው። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ያሠራው ነው። በመጀመሪያው ዓመት በር አልነበረውም። የግቢው ልጆችም፣ ከአጥሩ ማዶ ካለው የጭቃ ቤት ሰፈር የሚመጡትም አብረው ይጫወቱበት ነበር። ሴቶቹ ልጆች ሱዚ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ፤ ወንዶቹ ብይና ኳስ።

ከዚያ ችግሩ መጣ። የአንደኛው ዥዋዥዌ ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ማን እንደ በጠሰው አልታወቀም። ኳስ የመስኮት መስተዋት ሰበረ። ከዚያም አንድ ቀን ከውጭ የመጣች ሕፃን ከሸርተቴው ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ወላጆቿ መጥተው “ኃላፊው ማን ነው?” ሲሉ የኮሚቴው አባላት እርስ በርሳቸው ተያዩ። በፈቃደኝነት፣ ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ ሰዎች ናቸው። መፍራታቸው አያስደንቅም። በሚቀጥለው ስብሰባ በር ይሠራ፣ ይቆለፍ፣ ቁልፉ በጥበቃ እጅ ይሁን ተባለ። “ለነዋሪ ልጆች ብቻ” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ።

እውነቱን ለመናገር ደስ አለን። ጸጥታ ሆነ። ልጆቻችን ተራ ሳይጠብቁ ዥዋዥዌው ላይ ወጡ። በዚያ ሳምንት ረቡዕ በጸሎታችን ላይ ስለ ግቢያችን ሰላም ጌታን ማመስገናችንን እናስታውሳለን።

ሁለት ልጆች

በግቢያችን በየቤቱ እየዞረች ልብስ የምታጥብ አንዲት እናት አለች። ከአጥሩ ማዶ ነው የምትኖረው። ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ አለቻት፤ የሚይዝላት ሰው ስለሌላት ይዛት ትመጣለች። እናትየው ስታጥብ ልጅቷ ደረጃ ሥር ትቀመጣለች። ሲሰለቻት ሄዳ የመጫወቻውን ሽቦ ይዛ ትቆማለች። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደለም፤ “ልጄ፣ የተሰጠኝ ትእዛዝ ነው” ይላታል። አንድ ቅዳሜ ከመካከላችን አንዷ እህት የልጇን ሱሪ ለዚህች እናት ሰጠቻት፤ ከዥዋዥዌው ሥር ባለው ጭቃ የተለወሰ ሱሪ ነበር። እናትየው ተቀብላ ማሸት ጀመረች። ልጇ ሽቦውን ይዛ ቆማለች። እህታችን ያን ቀን ለጸሎት ስትመጣ ያለችን ይህ ነው፦ “ያን ጭቃ የምታስለቅቀው እናቷ ናት፤ ልጅቷ ግን ጭቃውን እንድትረግጥ አልተፈቀደላትም።”

ሁለተኛው ልጅ የራሳችን ነው። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ የአንዳችን የእህት ልጅ ከሞላሌ መጣ፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ወርዶ ወደ መጫወቻው ሄደ። ጥበቃው “የስንተኛው ብሎክ ልጅ ነህ?” ብሎ ጠየቀው። “የሞላሌ ነኝ” አለ። ተመለሰ። ማታ እራት ላይ “እዚህ አገር ለመጫወት ቤት መግዛት ያስፈልጋል እንዴ?” ብሎ ጠየቀን። ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን መልስ የሰጠው ማንም አልነበረም።

በማግሥቱ ለጥበቃው “የእኛ እንግዳ ነው” ብለን ነገርነው፤ ልጁም ገባ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎን ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ሕሊናችን አላረፈም። የእኛ ስለሆነ አንድ ቃል ተናግረን አስገባነው። የልብስ አጣቢዋን ልጅ ግን ለብዙ ወራት ሽቦውን ይዛ ስትቆም እያየን አንዲት ቃል አልተናገርንላትም።

ባለቤትነት ዋዛ አይደለም

በሩ ይቆለፍ የሚሉትን ወገኖቻችንን በችኮላ ፍቅር የሌላቸው እንዳንላቸው እንጠንቀቅ። ሕጉ ከእነርሱ ጋር ነው። በአገራችን የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በዚህ አዋጅ መሠረት ቤቱ የየባለቤቱ የግል ንብረት ሲሆን፣ ደረጃው፣ ጣሪያውና ግቢው የባለቤቶቹ ሁሉ የጋራ ነው። ባለቤቶቹ በማኅበራቸው አማካይነት ያስተዳድሩታል፤ ወጪውንም ይጋራሉ። እንግዲህ መጫወቻው መንግሥት ያሠራው የሕዝብ መናፈሻ አይደለም። ሰዎች ከደመወዛቸው ቀንሰው ያሠሩት ነው። የሚያስተዳድሩት ሰዎች ደንብ ማውጣታቸው በደል አይደለም።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 የሕፃናትን የዕረፍትና የጨዋታ መብት ያውቃል። ይህ በመጀመሪያ የመንግሥት ግዴታ ነው። ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰፈር መጫወቻ ስለሌለው የእኛ ኮሚቴ ባለዕዳ ነው ሊባል አይችልም። ነገር ግን የልጆቹ ችግር እውነተኛ መሆኑን መካድም አይቻልም። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ “መንገድ ለሰው” የተባለው ቀን ሲጀመር፣ መኪና በተከለከለበት ጎዳና ላይ ልጆች ኳስና ብስክሌት ይዘው ወጡ። ጨዋታ አልጠፋባቸውም፤ ያጡት ቦታ ነው።

እንግዲህ “መቆለፍ እንችላለን ወይ?” ለሚለው መልሱ አዎ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የተፈቀደ ነገር ሁሉ የሚያንጽ እንዳልሆነ አሳስቧል (1ቆሮ 10፥23-24)። እኛ አማኞች ሕግ ከሚፈቅድልን መስመር በኋላ የሚጀምር ሌላ ጥያቄ አለብን፦ ለባልንጀራዬ የሚበጀው የትኛው ነው?

አባቶቻችንም ዘግተው ነበር

የመንዝ ሰው የጋራ ነገርን ስለ መዝጋትና ስለ መክፈት ከማንም የሚማር አይደለም። ጓሳን የማያውቅ የመንዝ ልጅ የለም። አባቶቻችን ያን ሰፊ የሣር አገር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምረው በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት ሁለት አባቶች የሚወለድ ይጠቀማል፤ የማይወለድ አይጠቀምም። አባ ቄራ የሚባል አለቃ ተመርጦ ይጠብቅ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ይዘጋል። ሲከፈት ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለከብት መኖ ያጭዳል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ከመጣ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ጓሳም ተጎዳ። ዛሬ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ በዚያ የሚኖሩት፣ አባቶች በጊዜያቸው ስለ ዘጉ፣ ልጆቻቸውም ኋላ እንደገና ተነሥተው ስለ ጠበቁ ነው።

በአንድ ረቡዕ ውይይታችን ከመካከላችን አንድ ወንድም ይህንኑ አንሥቶ “አባቶቻችን እኮ ባለመብት ያልሆነውን ይከለክሉ ነበር፤ እኛስ ብንከለክል ምን ነውር አለው?” አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ወዲያው መልስ አላገኘንለትም።

መልሱን ያገኘነው ሞላሌ ነው። ባለፈው ጥር ለለቅሶ ሄደን ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ከድንኳኑ ወጣ ብለን ስንቆም፣ የአንዳችን አጎት ገብስ ያነሡበት እርሻ ላይ ሃያ የሚሆኑ ልጆች የጨርቅ ኳስ ያባርራሉ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ልጆቹ ግን ላብ በላብ ሆነዋል። ጋሼ ባናቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

“ጋሼ፣ የማን ልጆች ናቸው?” አልናቸው።

“እኔ ምን አውቄ። የአገሩ ልጆች ናቸው።”

“መሬትዎን አይጎዱብዎትም?”

እንደ ሞኝ አዩን። “በሬ ቢሆን የማን እንደ ሆነ ጠይቄ አስወጣው ነበር። ልጅ ሣር አይግጥም” አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ጨመሩበት፦ “ቡቃያ ሲሆን ግን የሚረግጣት የለም፤ የገዛ ልጄም ቢሆን እግሩን አልምረውም።”

እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይዘን ነው ወደ አዲስ አበባ የተመለስነው። ጓሳ የተዘጋው የታጨደ ሣር ስለማይመለስ ነው፤ ዛሬ የበላው በሬ የነገውን በሬ ያስርበዋል። ዥዋዥዌ ግን አንድ ልጅ ወጥቶበት ሲወርድ ለሌላው እንዳለ ይቆያል። አዎን፣ ሰንሰለቱ በጊዜ ብዛት ይሳሳል፤ እርሱ ግን የነዋሪ ልጅ ሲወጣበትም ይሳሳል። ጋሼ የለዩት ነገር ልጁ የማን እንደ ሆነ አልነበረም። የለዩት ጊዜውንና ጉዳቱን ነው። ቡቃያ ላይ የገዛ ልጃቸውን ይከለክላሉ፤ ቃርሚያ ላይ የማያውቁትን ልጅ ይፈቅዳሉ። እኛ ግን ሰሌዳችን ላይ የጻፍነው ስለ ጉዳት አይደለም፤ ስለ ልጁ ማንነት ነው። ስሕተታችን እዚያ ላይ ይመስለናል።

ቃሉ ምን ይለናል?

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ኮንዶሚኒየም አልተጻፈም። ጥቅስ እየመዘዝን ኮሚቴውን ልንመታበትም አንፈልግም። ሆኖም እግዚአብሔር ስለ ንብረትና ስለ ባልንጀራ እንዴት እንደሚያስብ የሚያሳዩ ክፍሎች አሉ። አራቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው ዘዳግም 23፥24-25 ነው። አንድ ሰው ወደ ባልንጀራው ወይን ቦታ ቢገባ እስኪጠግብ እንዲበላ ተፈቀደለት፤ በዕቃ ይዞ መውጣት ግን ተከለከለ። በእህሉም እንዲሁ በእጁ መቅጠፍ ይችላል፤ ማጭድ ማንሣት አይችልም። እግዚአብሔር የባለ ወይኑን ባለቤትነት አልሻረም፤ የአላፊ አግዳሚውንም ረሃብ አልናቀም። ለሁለቱም ድንበር ሰጣቸው። የጌታ ደቀ መዛሙርት በእርሻ መካከል ሲያልፉ እሸት በቀጠፉ ጊዜ ፈሪሳውያን የከሰሷቸው ሰንበትን ሻራችሁ ብለው ነው እንጂ ሰረቃችሁ ብለው አልነበረም (ማር 2፥23-24)። ያንን ፈቃድ ሁሉም ያውቀው ነበርና።

ሁለተኛው ዘዳግም 22፥8 ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሌላው ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲሠራ ታዘዘ። ይህ ለኮሚቴው ፍርሃት ክብር የሚሰጥ ቃል ነው። ሰው ቤትህ ውስጥ ቢወድቅ ግድ ሊልህ ይገባል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ መድኃኒቱ እንግዳን ወደ ጣሪያ ማስወጣት ማቆም አልነበረም። መድኃኒቱ መከታ ነበር።

ሦስተኛው ማርቆስ 10፥13-16 ነው። ሕፃናትን የከለከሉት ጨካኞች አልነበሩም፤ ደቀ መዛሙርት ነበሩ። ሥርዓት ለማስከበር፣ መምህራቸው እንዳይደክም ብለው ነው። የዚያን ቀን ኮሚቴ እነርሱ ነበሩ ማለት ይቻላል። ጌታ ግን ተቆጣ። የማን ልጆች እንደ ሆኑም አልጠየቀም፤ አቅፎ ባረካቸው። እኛን የወጋን ቃል ይህ ነው። ሥርዓት ወዳዶች ሆነን፣ በቅን ልብ ሆነን፣ ልጆች በጌታ ፊት እንዳይደርሱ የምንከለክል ልንሆን እንችላለን።

አራተኛው ዘካርያስ 8፥4-5 ነው። እግዚአብሔር የፈረሰችውን ከተማ እንደሚመልሳት ለነቢዩ ሲያሳየው ምልክት አድርጎ የሰጠው የጦር ሠራዊት ወይም የወርቅ ብዛት አይደለም። ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ምርኩዝ ይዘው የተቀመጡባቸውን፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች የሚጫወቱባቸውን አደባባዮች ነው ያሳየው። ጸጥታ የሚፈልጉት አረጋውያንና የሚንጫጩት ልጆች በአንድ አደባባይ ላይ ናቸው። እግዚአብሔር የባረካት ከተማ ለሁለቱም ቦታ አላት።

“የማን ልጅ ነው?” የት ላይ ይቆማል?

አንድ ሌላ ነገርም አስተውለናል። “የማን ልጅ ነው?” የሚል ጥያቄ አንዴ በር ላይ ከቆመ በር ላይ ብቻ አይቀርም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። በ2019 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ላምቤት በሚባለው አካባቢ አንድ የመኖሪያ መንደር ዜና ሆኖ ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ ቤት የገዙ ሰዎች ልጆች የሚጫወቱበትን ቦታ በአነስተኛ ኪራይ የሚኖሩት ሰዎች ልጆች እንዳይገቡበት በቁጥቋጦ አጥር ተለይቶ ነበር። ልጆቹ በመስኮት ጓደኞቻቸውን ያያሉ፤ መቀላቀል ግን አይችሉም። ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ ብዙ ሰው አዘነ፤ ከገዢዎቹም መካከል የተቃወሙ ነበሩ። በኋላም ተከፈተ።

ይህን ስናነብ የሩቅ አገር ወሬ መስሎን ነበር። ባለፈው ወር ግን በእኛው ግቢ አንድ ሰው “ለባለቤት ልጆች ቅድሚያ ይሰጥ፤ የተከራይ ልጆች በየወሩ ይክፈሉ” የሚል ሐሳብ አቀረበ። ከመካከላችን ተከራይ የሆንነው ደነገጥን። ባለፈው ዓመት የጭቃ ቤቱን ልጅ ለማስወጣት ያወጣነው እጅ ዘንድሮ የገዛ ልጃችንን ሊያስወጣ ሲዘረጋ አየነው። ያኔ ዘሌዋውያን 25፥23 ትዝ አለን። እግዚአብሔር ምድሪቱ የእርሱ እንደ ሆነች፣ ሕዝቡም በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች እንደ ሆኑ ተናግሯል። ዕጣ የወጣለትም፣ የተከራየውም፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውም በእርሱ ዘንድ እንግዳ ነው። ካርታው በማን ስም እንደ ሆነ ለፍርድ ቤት ይጠቅማል፤ በእርሱ ፊት ግን ሁላችንም በምሕረት የገባን ነን።

ስለዚህ ምን እንበል?

“እንግዲያስ ሰሌዳውን ነቅለን፣ በሩን ገንጥለን፣ ማንም እንደ ፈለገ ይግባ” አንልም። ቡቃያም አለ፤ መከታም ያስፈልጋል። በእሑዱ ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

በመጀመሪያ፣ ደንቡ በሰዓት ይሁን። ከትምህርት መልስ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ይከፈት። ከዚያ ውጭ ለሁሉም ይዘጋ፤ የነዋሪም ልጅ ቢሆን። የታመመና የደከመ ጎረቤት ዕረፍቱን ያግኝ።

ሁለተኛ፣ ትንንሽ ልጆች ያለ ታላቅ አይግቡ። ይህም ለሁሉም እኩል ይሁን። እውነቱን እንነጋገርና፣ የእኛ ልጆች ናቸው ብዙ ጊዜ ያለ ጠባቂ የሚለቀቁት።

ሦስተኛ፣ ሸርተቴው ሥር አሸዋ ይነጠፍ፤ ሰንሰለቶቹ ይለወጡ። የዚህን ወጪ የእኛ የጸሎት ኅብረት አዋጥቶ ይሸፍናል። ክንዷ የተሰበረችው ሕፃን የወደቀችው በደረቅ መሬት ላይ ነው። ቁልፉ ያን መሬት አላለሰለሰውም፤ ነገ የነዋሪ ልጅ ቢወድቅበትም እንዲሁ ይሰብረዋል።

አራተኛ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉ ወላጆች ሁለት ሰው እንዲወክሉ ይጠየቁ። ችግር ሲፈጠር የሚጠሩ፣ በጽዳት ቀንም አብረው የሚሠሩ ይሁኑ። ሰው በሚያዝበት ነገር ብቻ ሳይሆን በሚያገለግልበትም ነገር ባለቤት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ለሦስት ወር ይሞከር። ካልሠራ በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና እንነጋገርበት። እኛም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተራ እየወጣን እንድንቆም ተስማምተናል።

በዚህ ላይ ለራሳችን አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ይህን ደግነት የስብከት ወጥመድ እንዳናደርገው። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ቤተሰቦች አብዛኞቹ የኦርቶዶክስና የእስልምና እምነት ተከታዮች ናቸው። ልጆቻቸውን ሲልኩልን “ሃይማኖታቸውን ሊያስለውጡብን ነው” ብለው መስጋት የለባቸውም። ዥዋዥዌ ለማስወጣት ልጅን መዝሙር ማስጠናት ዋጋ ማስከፈል ነው። ለሚጠይቀን ስለ ተስፋችን እንመልሳለን፤ ልጁ ግን የመጣው ሊጫወት ነው፤ ይጫወት።

የቤተ ክርስቲያናችንስ ግቢ?

ይህን ሁሉ ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እናታችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆይተው “እናንተ ልጆች፣ የምናመልክበት ግቢ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተቆልፎ አይደል እንዴ የሚውለው?” አሉን። ዝም አልን። ሰፊ ግቢ ነው፤ ሣር አለው፤ ጥላ አለው። በዙሪያው ያሉት ልጆች አስፋልት ዳር ኳስ ይጫወታሉ። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ በር ክፈት ከማለታችን በፊት የራሳችንን ደጅ ማየት ነበረብን። ለሽማግሌዎቻችን ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርበናል፤ እየተነጋገሩበት ነው። እናንተም ይህን የምታነቡ ወገኖች፣ የምታመልኩበት ግቢ በሥራ ቀን ለማን እንደሚከፈት ጠይቁ።

እሑድ ዕለት ሐሳባችን ላያሸንፍ ይችላል። የሚፈሩት ጎረቤቶቻችን የሚፈሩት ነገር አለና። ድምፁ ካልበቃን አናኮርፍም፤ መዋጮአችንንም አናቆምም። ልጆቻችንን ይዘን ከአጥሩ ማዶ እንሄዳለን፤ እዚያም ኳስ ይጫወታሉ። የተለየነው በሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ በር አለው።

ከዚያ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የምናደርገው አንድ ትንሽ ነገር አለ። የልብስ አጣቢዋ ልጅ ቅዳሜ ስትመጣ፣ ለሞላሌው ልጅ ያልነውን ያንኑ ቃል ለጥበቃው እንነግርላታለን፦ “የእኛ እንግዳ ናት።” ይህን ለማለት የማንም ድምፅ አያስፈልገንም ነበር። ለዚህ ይህን ያህል ወራት መፍጀታችንን ጌታ ይቅር ይበለን።

አባት ሆይ፣ እኛ ባዕዳን ሳለን በልጅህ ደም ቤተ ሰዎችህ አድርገኸናል። ከውጭ ቆመን ሳለን ደጁን የከፈትክልን አንተ ነህ። ያገኘነውን ምሕረት ከኋላችን እንዳንቆልፈው እርዳን። ለኮሚቴዎቻችን ጥበብን፣ ለጎረቤቶቻችን ሰላምን፣ ለልጆች ሁሉ ደኅና መጫወቻን ስጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።